የጫፉ ጋጣ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

አገሬ፣ እህቴ፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ከሰላምታው በፊት ልጻፈው፤ ሰላምታውን ካስቀደምሁ እንደ ልማዴ ፈርቼ እተወዋለሁ። በአስማማው ካፖርት ላይ ያገኘሽው የአሳማ ጠጉር የእኔ ጣጣ ነው። ግልገሎቹን በዚያ ካፖርት ጠቅልዬ የያዝሁ እኔ ነኝ። ባልሽ አንድም ቀን በእጁ ነክቷቸው አያውቅም። ለአንቺ የማለልሽን መሐላ አላፈረሰም። አንቺ ግን መስቀል ሳያልፍ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ዱርቤቴ ገባሽ፤ እሱ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልሁ።

እንግዲህ ወጣልኝ። አሁን እንዴት ነሽ? እናታችንስ እንዴት ናት? ጉልበቷን የሚያማት እንደሆነ ማታ ማታ በሞቀ ውኃ አሽላት፤ እሷ እንደሆነች «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አታውቅም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለቄሱ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው ለዝንብ ማረፊያ አይደለም። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ከባሌ ዳዊት ላይ ፊደል ለቅሜ አንባቢ ከሆንሁ፣ አንቺ መምህር ተቀምጦልሽ የተማርሽው ይህን ማንበብ አያቅትሽም። ጽሕፈቴ ባያምር ታግሠሽ አንብቢው።

አስማማው ታስሯል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቀበሌው ውስጥ ነው ያለ። አሻጥር ሠራ ነው የሚሉት። የፊታችን ቅዳሜ ጧት ከሌሎች እስረኞች ጋር ጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዱታል። እዚያ ከሄደ በኋላ ማን እንደሚጠይቀው፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። አንቺ እስከ ዓርብ ድረስ ከመጣሽ ግን አይወስዱትም። ለምን አንቺ እንደሆንሽ እነግርሻለሁ። ብቻ ይህችን መስመር አንብበሽ ደብዳቤውን እንዳትጥይው፤ እኔ አውቅሻለሁ፣ ስትቆጪ ወረቀት ትቀጃለሽ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። አሳማ የሚለውን ቃል ስትሰሚ ጆሮሽን ትይዥ ስለነበር፣ ሥራችን ምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሽንም።

እርባታው ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ሥጋው ለውጭ አገር ባለሙያዎች ምግብ ቤት ይሄዳል፤ ከእኛ የሚቀምሰው የለም። ባሌ አለበል ሐይቁ ላይ ከቀረብኝ በኋላ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ እዚያ ያስገባኝ አስማማው ነው። እሱ የቀላቢዎቹ አለቃ ነበር። የመጋዘኑም ቁልፍ በእጁ ነው። ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ሁላችንም ተሰብስበን አባ ወልደ ሐዋርያት ዘንድ ሄድን። «ልጆቼ፣ ሥራ ሥራ ነው። የሚያዛችሁ መንግሥት ነው። ብቻ እሪያውን በእጃችሁ አትንኩት» አሉን። እኛም ሳቅ በሳቅ ሆነን፣ ተባርከን፣ መስቀል ተሳልመን ወጣን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርባታው ሥራ ሁሉ በዱላ ሆነ። መንዳት በዱላ ነው። መለየት በዱላ ነው። የሞተውን መጎተት በገመድና በዱላ። አንድ ሰው ዱላውን ረስቶ ከመጣ ያን ቀን ሥራ የለውም፤ በር ላይ ቆሞ ሌሎቹን ሲመክር ይውላል። የጓደኛውን ዱላ የወሰደ ደግሞ እንደ ሌባ ይቆጠራል። እኔም የወይራ ዱላ ነበረኝ። አሳማዎቹ ሰው ሲያዩ ግድግዳ ሊያፈርሱ ይደርሳሉ፤ ከእኛ ያዩት ሌላ ምን አለ?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ አበራ የሚባል የእንስሳት ጤና ረዳት መጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ደግ፣ ተጫዋች። የሞተች ግልገል አስመጥቶ አንጀቷን ከፈተልን። ወስፋት ነው። ነጭ፣ ስንዝር የሚያህል፣ እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ። አንጀቷ ውስጥ ሌላ ነገር የሚያልፍበት ቦታ አልነበረም።

«ይኸውላችሁ» አለ። «ፉርሽካውን የምታበሉት ለእነዚህ ነው እንጂ ለአሳማው አይደለም።»

ከዚያ ነገረን። መድኃኒቱን በውኃ በጥብጣችሁ፣ ግልገሎቹን አንድ በአንድ ይዛችሁ፣ አፋቸውን ከፍታችሁ ታጠጣላችሁ አለ። እናቶቹን ደግሞ ከመውለዳቸው በፊት ገላቸውን፣ ይልቁንም ጡታቸውን፣ በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥባላችሁ። የወስፋቱ እንቁላል በዓይን አይታይም፣ ጭቃው ውስጥ ዓመት ከዓመት ቢቀመጥ አይሞትም፣ ከጡታቸው ላይ ነው ወደ ልጆቹ ሆድ የሚገባ አለ።

ከዚያ ያ አተላ በጋሪ የሚያመጣው ሀብተ ሥላሴ፣ «ጓድ አበራ፣ እኔ የሚስቴን ጀርባ እንኳ አጥቤ አላውቅ» አለ።

«እንግዲያው ዛሬ ተለማመድ።»

«ከአሳማዋ ልጀምር?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አበራም ከልቡ ሳቀ። ያለቀ መስሎት፣ «በሉ፣ መጀመሪያ የሚይዝልኝ ማነው?» አለ። ማንም አልተነቃነቀም።

«ክርስቲያኖች ነን እኮ ጓድ» አለ አንዱ።

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንተማ የአዲስ አበባ ሰው ነህ!»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። እሱ ግን በዚህኛው አልሳቀም። ጥቂቶቹን ራሱ ይዞ አሳየን፤ ልብሱ እስከ ደረቱ ጭቃ ሆነ። ሌላውን ለእኛ ትቶ፣ ወዲያው የከብት ክትባት አለ ብለው ወደ መተከል ላኩት። አደራውን ለአስማማው ሰጥቶ ሄደ።

አስማማው ምን ያድርግ? የሚያዛቸው ሰዎች በእጅ አንነካም ብለዋል፤ እሱም ለአንቺ ምሏል። ስለዚህ መድኃኒቱን በጥብጦ በገንዳ ከፉርሽካው ጋር አቀረበላቸው። ከበጠበጠው አንድ ጠብታ አላስቀረም፤ እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ግን ገንዳ ገንዳ ነው። ትልልቆቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ጠጡት፤ አንዳንዱማ ከልኩ አልፎ እንደ ሰንበቴ ጠጪ ሲንገዳገድ ዋለ። ትንንሾቹ ከኋላ ቆመው ይጮኻሉ። መድኃኒቱ የሚያስፈልጋቸው እነሱ፣ ያልደረሳቸውም እነሱ። «ሰጥተናል» ብለን ገባን። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰጥተናል ብለን እንገባለን።

ክረምቱ ገባ፣ ሐይቁ ሞልቶ ጋጣው ደጃፍ ደረሰ፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ። ትንንሾቹ ሆዳቸው ተነፋ። ጀርባቸው እንደ ምላጭ ሾለ፣ ጠጉራቸው ቆመ። ይስላሉ። አሳማ እንደ ሰው ይስላል ብልሽ አታምኚኝም። እኔ ቆሽቴ አረረ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ «ኧረ እነዚህ ትንንሾቹ አልቀዋል፣ አንድ ነገር እናድርግ» ብል፣ ሀብተ ሥላሴ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ «እመቤት፣ ምን ያስጨንቅሻል? ወስፋት የሌለው አሳማ የለም» አለኝ።

ይህን ቃል የት እንደሰማሁት አንቺ ታውቂያለሽ። ከራሴ አፍ ነው። ልጄ ወለተ ሚካኤል ሆዷ ተነፍቶ ስትስል፣ አንቺ ገና ልጅ ሆነሽ «ሐኪም ቤት እንውሰዳት» ብለሽ ስታለቅሺ፣ «ወስፋት የሌለው ልጅ የለም፤ ያልፍላታል» ያልሁ እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

አስማማውን ለብቻው ጠራሁት።

«መድኃኒት ስጠኝ።»

«ለየትኛው?»

«ለጫፉ ጋጣ።»

«በገንዳ ደርሷቸዋል እኮ፣ እትዬ።»

«አልደረሳቸውም። አንተም ታውቃለህ።»

ትንሽ አየኝ። ቁልፉን አውጥቶ ከጣሳው ሥር የቀረችውን ሊያመጣልኝ ሄደ። የጫፉን ጋጣ የመረጥሁት ከበሩ ስለማይታይ ነው፤ ደግሞም አንዲት ልትወልድ የደረሰች እናት ነበረችበት። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ውኃ አሙቄ፣ የልብስ ሳሙናዬን ይዤ ገባሁ። ዱላዬን ውጪ ተውሁት። አገሬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ እጄን ስዘረጋ ዓይኔን ጨፍኜ «በስምአብ» ብያለሁ። እሷ ግን እንደ ላም ተኛችልኝ። ጡቷን አጠብኋት፤ የወረደው ቆሻሻ የጉድ ነው። የጋጣውን ወለል ጠረግሁ፣ የፈላ ውኃ ደፋሁበት። ከእሷ ጋር የነበሩትን የሌላ እናት ግልገሎች አንድ በአንድ ላጠጣ ብይዝ ደግሞ፣ የመጀመሪያይቱ ረግጣኝ ጠርሙሱን ልታስጥለኝ ደረሰች።

አስማማው በሩን ደግፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። «እትዬ የብርጓል፣ እኔ አላየሁም» ይላል።

«አላየህም። በሩን ብቻ እንዳትለቅ።»

የግልገሏን ጩኸት ሲሰማ፣ ፊቱን ሳያዞር ካፖርቱን አውልቆ በትከሻው ላይ ወረወረልኝ። «በዚህ ጠቅልያት» አለ። ጠቀለልኋት። ጸጥ አለች። አጠጣኋት። ከዚያ በኋላ ዘዴያችን ይኸው ሆነ፤ እሱ በሩን ይይዛል፣ እኔ ካፖርቱን። ሌሎቹን ጋጣዎች አልደፈርሁም፤ ከበሩ ይታያሉ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን ካፖርቱን ሳላራግፍ መለስሁለት። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ጠጉሩን ከብብቱ ሥር አውጥተሽ መብራት ላይ ይዘሽ፣ «ነክተሃል?» ስትይው፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። «ሥራ ነው» አለሽ፤ ሌላ አልጨመረም። «በኪዳነ ምሕረት ምለህልኝ!» አልሽው። ዝም አለ። ስሜን ቢጠራ ኖሮ ሁሉም እዚያው ያልቅ ነበር። አልጠራውም። እኔም ተነሥቼ ሁለት እርምጃ ተራምጄ በራችሁን ማንኳኳት አቃተኝ። የማኅበር ሴቶች ጽዋ ይነፍጉኛል ብዬ ነው። እንግዲህ እኔ ጽዋዬን ጠበቅሁ፣ አንቺ ትዳርሽን ጥለሽ ሄድሽ።

አንቺንም ግን ዝም አልልሽም። ሴት ልጅ ባሏን ጥላ ስትሄድ እኮ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች! አንድ ጊዜ ጠይቀሽ፣ ድስቱን በአመድ ፈትገሽ፣ «ይህ ቤት ረክሷል» ብለሽ ወጣሽ። ሰውየው ሰክሮ አልመጣ፣ ሌላ ሴት አልያዘ! ለአንዲት ጠጉር! ኤዲያ፣ ይቅር።

አሁን ወደ እስሩ ልምጣ። በዚህ በጋ በመካከለኞቹ ጋጣዎች ያሉት መሞት ጀመሩ። ከበላይ ተቆጣጣሪ ተላከ። የሞተውን አስከፈተ፤ ያው የወስፋት ልቃቂት። መጋዘን ገባ፤ የመድኃኒቱ ጣሳ ባዶ ነው።

«ጣሳው ባዶ፣ አንጀቱ ሙሉ» አለ። «ነገሩ እንዴት ነው፣ ጓድ አስማማው? መድኃኒቱን ማን ጠጣው?»

«ሰጥቻለሁ» አለ አስማማው።

ሰውየው ጋጣ ለጋጣ እየዞረ ጫፉ ላይ ደረሰ። እዚያ ያሉት ወፍረዋል፣ ጠጉራቸው ተኝቷል፣ ጅራታቸው ተጠቅልሏል። አንድም የሚስል የለም። ቆሞ አያቸው፤ ከዚያ ወደ ባልሽ ዞረ። «እነዚህስ? እነዚህ የማን ናቸው?»

አስማማው እኔን አየኝ። አንዴ ብቻ። ሰውየው ነገሩን በራሱ ገጣጠመው፤ መድኃኒቱን ለእነዚህ ብቻ ሰጥቶ ሌላውን ሸጦታል፣ እነዚህንም በድብቅ ሊሸጣቸው ነው አለ። የዳኑት በእሱ ላይ ምስክር ሆኑበት! እኔ በእጄ ያዳንኋቸው! ወዲያው ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ድምፅ አልወጣልኝም።

ሰኞ ዕለት ግን ድምፄ መጣ። የምርመራ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ክንዱ ዘንድ ገባሁ። ቀበሌው ያገኘውን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ነበር፤ የእርባታው ሠራተኞችም ለምስክርነት ተጠርተዋል።

«የጫፉን ጋጣ ያከምሁ እኔ ነኝ» አልሁ። «በእጄ ይዤ፣ አፋቸውን ከፍቼ። ለሌሎቹ በገንዳ ነው የተሰጠ፤ ትልልቆቹ ጠጡት። የተሸጠ ነገር የለም።»

ክንዱ መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ? በእጅሽ?» ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ያያት አለ?»

አሁን የሆነውን ስሚ። ሁሉም በአንድ አፍ፣ «ኧረ እኛ አላየንም» አሉ። ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ተነሥቶ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህች ሴት የማኅበር ሴት ናት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። የእህቷን ባል ለማዳን ብላ ነው ራሷን የምታረክሰው። እንዲህ ያለ ነገር ከእሷ አይወጣም» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዘኑልኝ! ክብሬን የጠበቁልኝ መስሏቸው ሰውየውን ገደል ከተቱት። አገሬ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ክፉዎች ቢሆኑ ይሻል ነበር። ደግ ሰው ምን ይደረጋል? አይሰደብ፣ አይመታ!

«ተነሡ!» አልሁ። እኔ፣ ድምፄ ከጎረቤት የማይሰማው። «ጓድ ክንዱ፣ ተነሥ፤ እንሂድ። ማንም አይመስክርልኝ፤ አሳማዎቹ ይመስክሩ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ክንዱ ግን ተነሣ፤ ከወረቀት መገላገሉም ደስ ሳይለው አልቀረም። ሰዉ ሁሉ ከኋላችን ተከተለ። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ዱላ ዱላቸውን አነሡ።

ክንዱን መጀመሪያ ወደ መካከለኛው ጋጣ ወሰድሁት። «ግባ» አልሁት። በሩን ሲከፍት፣ ያሉት ሁሉ እሪ ብለው ወደ ኋላ ግድግዳ ተለጠፉ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወጣ። ክንዱም እንደ እነሱ ደንግጦ ወጣ። ከዚያ ወደ ጫፉ ሄድን። «እናንተ ሁላችሁ እዚያ ቁሙ» አልሁና በሩን ከፍቼ ብቻዬን ገባሁ።

ሮጠው መጡ። ከእግሬ ሥር ተጠመጠሙ፣ ቀሚሴን ጎተቱት፣ እጄን አሸተቱት። አንደኛው ካልተሸከምሽኝ ብሎ በኋላ እግሮቹ ይቆማል። አንሥቼ ታቀፍሁት፣ አፉን በአውራ ጣቴ ከፈትሁት፤ ዝም አለ። ይህን ያስተማረው ዱላ አይደለም።

ሀብተ ሥላሴ አማተበ። «ያውቋታል!» አለ፤ «እግዚኦ፣ ያውቋታል እኮ!»

ክንዱ ደግሞ፣ «ስምም አውጥተሽላቸዋል?» አለኝ።

የታቀፍሁትን አወረድሁና ቀሚሴን አራገፍሁ።

ክንዱን ተከትዬ ወደ ቀበሌው ተመለስሁ። ቢሮው ሲገባ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ አምኜሻለሁ። መድኃኒት ሸጠ የሚለውን አወጣለሁ። ግን በላይ ለሚጠይቁኝ የምመልሰው ያስፈልገኛል። ሰውየው ብቸኛ ነው፣ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች ብለው ጽፈውበታል። ሚስቱ ያላመነችውን ሰው እኔ በምን አምኜ እለቅቃለሁ?»

«እኔ ዋስ እሆናለሁ» አልሁ።

«አንቺማ የነገሩ አካል ነሽ። ራስሽም ዋስ ያስፈልግሻል። ሚስቱ ትምጣ። አብራው እንደምትኖር ፈርማ፣ ይዛው ትግባ። ዓርብ ቢሮው እስኪዘጋ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ከእጄ ወጥቷል።»

እንግዲህ ይኸው ነው። ያንቺ መሄድ ከመድኃኒቱ ይልቅ ከብዶበታል። ፍርዱ ትክክል ነው አልልሽም። ሚስት የኮበለለችበት ሁሉ አሻጥረኛ ከሆነ በጎጃም ማን ይተርፋል? ግን እኔ ከክንዱ ጋር ክርክር የምገጥምበት ጊዜ የለኝም። ዛሬ ረቡዕ ነው።

አባ ወልደ ሐዋርያት ዘንድም ሰኞውኑ ሄድሁ። ከመንገድ ላይ ሰምተው ነበር።

«ጡት አጠብሽ አሉ» አሉኝ።

«አጠብሁ፣ አባ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

ስግደት ሰጡኝ፤ ትንሽ አይደለም፣ ጉልበቴ እንደ እናታችን ሊሆን ነው። ልወጣ ስነሣ ግን፣ «ለመሆኑ ዳኑ?» አሉኝ።

«የጫፎቹ ዳኑ።»

«የሌሎቹስ?»

«እነዚያማ በዱላ ነው የተያዙ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መስቀሉን አልከለከሉኝም። የማኅበሩ ድግስ ግን በሚቀጥለው ወር ተራዬ ነበር፤ ሴቶቹ «አንቺ ድካም አለብሽ፣ ዕረፊ፤ እኛው እንደግስልሻለን» ብለው ላኩብኝ። ገብቶኛል። የፈራሁት ደረሰ፤ ስደርስበት ግን እንደፈራሁት አልሆነም። ጧት ተነሣሁ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ ሥራ ገባሁ። የመካከለኞቹን ግልገሎች፣ ከበላይ አዲስ መድኃኒት ተልኮ፣ ከትናንት ጀምሮ በቀን ብርሃን፣ ሰዉ ሁሉ እያየ እየያዝሁ ነው። ትናንት ሀብተ ሥላሴ ዱላውን ሳይጥል በአንድ እጁ በሩን ያዘልኝ። በሁለት እጁ እንዲይዝልኝ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እግዚአብሔር ይወቀው።

አሁን አንቺ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። «እሱ ራሱ ለምን አልላከብኝም?» ትያለሽ። ጠይቄዋለሁ። ምግቡን የማደርስለት እኔ ነኝ፤ በአጥሩ ቀዳዳ እናወራለን። «ለአገርነሽ ልጻፍላት?» ብለው፣ «ተያት፤ በገዛ ፈቃዷ የሄደችን ሰው በእስር ቤት ሰበብ አልመልስም» አለኝ። ኩራቱን አየሽው? ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፤ በዚህ በኩል እግዚአብሔር አጋጥሟችኋል። ሽሮው ሲቀጥን አይወድም፤ ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት። ሌሊት እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛ፣ ሳሉም ጀምሮታል። ካፖርቱን ላስገባለት ብል ዘበኞቹ «ለማስረጃ ይፈለጋል» ብለው መለሱኝ፣ ለማስረጃ ግን ወስደው አላስቀመጡት፤ እኔው ቤት ተሰቅሏል። ምግቡን አንቺ ብታደርሺለት ይሻላል። ሰው ያወራል። ሰው ባያወራም ይሻላል። አንቺ ነሽ ሚስቱ።

እንግዲህ የማዝዝሽ እኔ አይደለሁም፣ ለማዘዝ ፊት የለኝም። ግን መንገዱን ልንገርሽ። ዓርብ ጧት ከዱርቤቴ የሚነሣውን አውቶቡስ ከያዝሽ ከቀትር በፊት ትደርሻለሽ። ካልያዝሽውም ቅዳሜ ታዪዋለሽ። የደብረ ማርቆሱ መኪና በእናንተ በር ነው የሚያልፍ፤ ገበያውን ሰንጥቆ፣ ሸራውን አልብሶ። አንቺም ከሰዉ ጋር መንገድ ዳር ቆመሽ አቧራውን ትቀበያለሽ። ማን እንደተጫነ ለማንም መናገር የለብሽም። ከዚያ በኋላ እንደ እኔ ዝም ማለትን ትለምጂዋለሽ። እንዴት እንደሚለመድ ልነግርሽ አልፈልግም።

እኔን ይቅር ባትዪኝ አልቀየምሽም። ይቅርታው ከትራስሽ ሥር ይቆይ፤ እሱን ይዘሽ ከገባሽ በኋላ፣ በሰላም ቀን፣ ደስ ባለሽ ጊዜ ትሰጪኛለሽ፤ ካልሽም ትከለክይኛለሽ። ግድግዳው ያው ስስ ነው፤ ስትጣሉ እሰማለሁ፣ ስትታረቁም እሰማለሁ። ስትታረቁ ብሰማ ይበቃኛል።

እናታችንን ጉልበቷን ስሚልኝ። የያዝነውን ጾም በሰላም ያስፈጽመን፤ ለትንሣኤው ሁላችንንም በአንድ ማዕድ ያድርሰን። መንገድሽን የቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ይጋርደው። ከአውቶቡሱ ስትወርጂ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ቀጥ ብለሽ ነይ፤ ማንም እንዳያዝንልሽ።

እህትሽ
የብርጓል

ይህን ወረቀት ነገ ጨው ጭኖ ወደ እናንተ ለሚወርደው ለፅጌ ማርያም ሰጥቼዋለሁ። ለእናታችንም፣ ለጎረቤትም፣ ለቄሱም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። በላዩ ላይ የአባታችንን ስም አልጻፍሁበትም፤ ካልተቀበልሽው ይመልሰው ብዬ እንዲህ ብቻ ጽፌበታለሁ፤

ይድረስ ለአስማማው ሚስት፣ ለወይዘሮ አገርነሽ፣ ዱርቤቴ።